የእኛ ባሕር ዝግ ነው

እኔ መጠበቅ የሚባል ነገር አልችልበትም። ሚስቴም ታውቃለች፣ ሠላሳ ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆችም ያውቃሉ። ከከተማ ወደ ደሴታችን የሚመለሰው ጀልባ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል ተብሎ፣ ስድስት ሰዓት አልፎም ገና የሲሚንቶ ከረጢት ሲጭን ባየሁ ጊዜ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። ወደቡን ስንቴ እንደተመላለስኩበት እንጃ። በመንደራችን በዋይሞሉ አሥር ሰዓት ላይ ጉባኤ አለ፤ የጉባኤው ጸሐፊ ደግሞ እኔ ነኝ።

እንደምንም ስንሳፈር ባዶ የቀረው አንድ መቀመጫ ብቻ ነበር፤ እሱም ከቴቴ ኤሊፋስ ፊት ለፊት። ቴቴ በእኛ ዘንድ አያት ማለት ነው፤ እሳቸውን ግን የልጅ ልጆቻቸው የሆኑትም ያልሆኑትም ቴቴ ይሏቸዋል። የዋይሞሉ ባሕር ጠባቂ ናቸው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲገባ፣ በባሕረ ሰላጤያችን አፍ በተተከለው ግንድ ላይ ለጋ የኮኮናት ቅጠል ያስራሉ። ከዚያች ቀን አንስቶ ቅጠሉ እስኪፈታ፣ አምስት ወር ሙሉ፣ ከሰላጤው አንዲት ዓሣ የሚያወጣ የለም። ይህን መዝጋት ሳሲ እንለዋለን። ቅጠሉን የሚያስረው የእሳቸው ቤት ብቻ ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ ስምንት ትውልድ ቆጥረዋል።

ያን ቀን ጉልበታቸው ላይ የቆርቆሮ ሰሌዳ ደግፈው ተቀምጠዋል። በቀይ ቀለም «መግባት በጥብቅ የተከለከለ» ተብሎ ተጽፎበታል። ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ሱሪያቸውን ነክቶታል፤ እሳቸው ግን ልብ አላሉትም።

«መምህር፣ ሳንደርስ ይጀምራሉ ትላለህ?» አሉኝ።

«የመንደሩ ሹም ሰዓት አክባሪ ነው፣ ቴቴ። ነጋዴውን ለማስደሰት ሲሆን ደግሞ ይብስበታል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎምፓ የምንላት ትንሽዬ ብርማ ዓሣ በየዓመቱ ሰላጤያችንን ሞልታ ትመጣ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀረች። ይህን የሰማ አንድ የከተማ ነጋዴ፣ ትልቅ መረብ የሚጎትት መርከብ ወደ ሰላጤው ላስገባ፣ እኔም በፈንታው የአዳራሻችሁን ጣራ ላድስ፣ ዓሣ የሚቆይበት የበረዶ ቤት ልሥራላችሁ አለ። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳሲ ይቅር። ጉባኤው የተጠራው ለዚሁ ነው። ሳሲ ከቀረ ቴቴ ኤሊፋስ የሚጠብቁት ነገር አይኖርም። ስምንት ትውልድ የያዘው ሥራ በእሳቸው እጅ ሊሞት ነው፤ ሽማግሌው ይህን ያውቃሉ፤ ስላወቁም ሁለት ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው ከዓይናቸው ማየት ይቻላል። እውነቱን ልናገርና፣ እኔም ግማሽ ልቤ ወደ ነጋዴው አዘንብሎ ነበር። ባዶ ባሕር ዘግቶ መቀመጥ ምን ይረባል እያልኩ።

«ሰሌዳው ለማን ነው፣ ቴቴ?» አለች ከጎናቸው የተቀመጠች አንዲት ወጣት።

«ለሌባ ነው፣ ልጄ።»

«ሌባ ያነባል እንዴ?»

እኔ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። «የእኔ መንደር ሰው አይሰርቅም» አሉ። «አምስቱን ወር ዳር ዳሩን ስዞር የምውለው እኔ ነኝ። መረብ የጣለ የለም፣ መንጠቆ የነከረ የለም። የእኛ ባሕር ዝግ ነው ስልሽ ዝግ ነው። ዓሣው ከጠፋ እንግዲህ ሌላ ሰው ወስዶታል ማለት ነው። ለመሆኑ የማን ልጅ ነሽ?»

«ዮሲና እባላለሁ። የሃቱሲላ ልጅ ነኝ፤ የሳድራክ የእህት ልጅ።»

ሽማግሌው ሰሌዳቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ በኋላ የሚናገሩት ሁሉ ለእኔ ሆነ፤ ትከሻቸው ከትከሻዋ እየተነካካ።

አልፈርድባቸውም። ሃቱሲላ ጎረቤት መንደራችን ናት፤ በመካከላችን ያለው ወደ ባሕር የገባ አንድ የድንጋይ ጫፍ ብቻ ነው። ሳድራክ የእነሱ ባሕር ጠባቂ ነው። ከአርባ ዓመት በፊት በዚያ ጫፍ ሰበብ ጠብ ተነስቶ፣ ሳድራክ የቴቴ ኤሊፋስን ታናሽ ወንድም በመቅዘፊያ ጆሮ ግንዱን መታው። ወንድምየው እስከ ዛሬ አይሰማም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ጠባቂዎች አንዱ የአንዱን አሸዋ ረግጦ አያውቅም።

የመንገዱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ሁለቴ አስነጥሶ ቀጥ አለ። ነጂው ነዳጁ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ አጣርቼ እመልሳለሁ አለ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ብጠይቀው ትከሻውን ነቀነቀልኝ። እኔ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ተነሳሁ። ጀልባው ከጎን ወደ ጎን ይዋልላል፤ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ከበላያችን ተደፍቷል።

«ተቀመጥ፣ መምህር። መቆምህ ሞተር አያስነሳም» አሉኝ ቴቴ፤ ስንቃቸውንም ከቅጠል ፈቱ። ከዘንባባ ግንድ ዱቄት የተጋገረ የሳጎ ቂጣ፣ በጭስ የደረቀ ዓሣ፣ የሎሚና የቃሪያ ዳጣ። ለእኔ ቆረሱልኝ። ለልጅቱ እንዳይሰጡ ጠብ አለ፤ እንዳይነፍጉ ደግሞ ነውር ነው። «ለዚህች ልጅ አቀብልልኝ» ብለው አንዱን ዓሣ በእኔ እጅ ሰጧት፤ አጠገባቸው ላለችው።

ዮሲና አመስግና ተቀበለች። ዓሣውን ለሁለት ከፈለችውና ሳትበላ አየችው። ሆዱ ከዳር እስከ ዳር በደረቀ ቢጫ እንቁላል ተሞልቷል።

«ይህ ዓሣ መቼ የተያዘ ነው፣ ቴቴ?»

«ባለፈው ሳምንት ነው በላት» አሉኝ።

«የእናንተ ባሕር ዝግ አይደል እንዴ?»

«ዝግ ነው። ከእኛ ባሕር የተያዘ መሰላት?» አሉ፣ ስድብ እንደ ሰማ ሰው ተቆጥተው። «ከጫፉ ማዶ ነው፤ ከእነሱ በኩል። ባሕራቸው በዝናብ ወራት ክፍት ነው። ክፍት ባሕር ላይ ማንም ቢያጠምድ አይከለከልም፤ ደንብ ነው። የእኛ ሲዘጋ ጀልባዎቻችን ወደዚያ ይሄዳሉ። ታዲያ አምስት ወር ሰው ምን ይብላ?»

«የእኛ ሲዘጋስ?»

«የእነሱ ሲዘጋማ የእኛ ተከፍቷል። ወደ ሰላጤያችን አፍ ይመጣሉ፤ አልከለከልናቸውም። ይህን ወር በወር የለዩት የድሮ ሰዎች ብልሆች ነበሩ በላት። አንዱ ሲዘጋ አንዱ ክፍት፤ ማንም ጦሙን አያድርም።»

እኔም ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት። ብልሃት ነው ብዬ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ።

ዮሲና እንቁላል የሞላውን ዓሣ በቅጠሉ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ቴቴ፣ በመምህሩ በኩል ማውራቱ ይቅርብን፤ ለሳቸውም ድካም ነው። እኔ በአውራጃው ትምህርት ቤት አራት ዓመት የተማርኩት ይችን ዓሣ ነው። ሎምፓ የምትወልደው በእኛ ጫፍ፣ በዝናብ ወራት ነው። እንቁላሉን ማዕበሉ እየገፋ ወደ እናንተ ሰላጤ ያስገባዋል። ልጆቹ እዚያ ውሃው ውስጥ በቆሙት ዛፎች ሥር ያድጋሉ። ካደጉ በኋላ ወጥተው፣ ዞረው፣ ሊወልዱ ተመልሰው ወደ ጫፉ ይመጣሉ። አንድ ዓሣ ናት፤ ሁለት መንደር የላትም።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ፣ እናንተ የራሳችሁን ዘግታችሁ በዝናብ ወራት ወደ ጫፉ ስትመጡ እናቶቹን ትበላላችሁ። እኛ የራሳችንን ዘግተን ወደ ሰላጤያችሁ አፍ ስንመጣ ልጆቹን እንበላለን። ሁለታችንም ሳሲ አፍርሰን አናውቅም። ሁለታችንም ንጹሕ ነን። ዓሣዋ ግን አለቀች።»

ከጀልባው ጀርባ የነጂው መፍቻ ብረት ሲመታ ይሰማል። ሽማግሌው ያቺን እንቁላል ያረገዘች ዓሣ ገልበጥ አድርገው አዩ። በኋላ የመጣላቸው መልስ ሁላችንም የምንመልሰው ነው።

«ተይ እንጂ አንቺ ልጅ። ባሕሩ የሞቀው በማን ሆነና? ያ ሁሉ ፋብሪካ ያላቸው አገሮች አይደሉም ያሞቁት? ራሱ መምህሩ ነው ለልጅ ልጆቼ ያስተማረው። የላስቲክ ቆሻሻውስ ከየት ነው የሚመጣው? ዓለምን ያበላሹት ትልልቆቹ ናቸው። የእኔ ሰላጤ ከዚህ እዚያ ድረስ ናት። የእኔና የሳድራክ ጥቂት ታንኳ ናት ዓለምን የምታድነው?»

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ገባሁ። «እውነታቸውን ነው» አልኩ። «ከባዱን ዕዳ መሸከም ያለበት ሌላ ነው። ድሃውን መውቀስ ቀላል ነው።»

«እውነት ነው» አለች ዮሲና። «የሠሩትን ይመልሱ ብለን መጠየቅ አለብን፤ እኔም እጠይቃለሁ። ግን እነሱ የሚያደርጉትን አይታችኋል? የገዛ ደናቸውን አጥረው፣ እንዳይነካ ሕግ አውጥተው፣ እንጨቱን ከእኛ ደሴቶች ያስቆርጣሉ። ወንዛቸውን አጽድተው ቆሻሻውን በመርከብ ወደ ሰው ወደብ ይልካሉ። ቢጠየቁ፣ የእኛ ባሕር ዝግ ነው ይላሉ፤ አልዋሹም። የሰው ባሕር ክፍት ነውና ይሄዱበታል። እኛ ይህን ስንሰማ እንቆጣለን። ቴቴ፣ እኛ ከእነሱ የምንለየው በታንኳችን ማነስ ብቻ ከሆነ፣ በምን አፋችን እንከሳቸዋለን?»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በዚህ ጊዜ የተሰማኝ እፍረት ነው። ሠላሳ ዓመት ስለ አካባቢ ጥበቃ አስተምሬአለሁ። ልጆቹ የመንደራቸውን ካርታ እንዲስሉ ሳዝ የምኖረው እኔ ነኝ፤ ሰላጤውን በሰማያዊ ያቀልሙታል፣ ከጫፉ ማዶ ያለውን ወረቀት ባዶ ይተዉታል፤ እኔም አሥር ከአሥር እሰጣለሁ። እንዲህ ያለ ካርታ ያልያዘ መንደር፣ እንዲህ ያለ ካርታ ያልያዘ አገር ስንት አለ? ሁሉም የራሱን ደጅ ይጠርጋል፣ ጥራጊውንም ከአጥሩ ማዶ ይጥላል። ከራስ በላይ ነፋስ እንላለን፤ ነፋሱ ዞሮ በእኛው መስኮት እንደሚገባ አናስብም።

ቴቴ ኤሊፋስ ግን የእኔ ዓይነት ሰው አይደሉም፤ ቶሎ አይረቱም። «መልካም» አሉ። «ሁለታችንም እንዝጋ እንበል። ከዚያስ? ሁለት መንደር ድንጋይ ቀቅሎ ይብላ?»

«አምስት ወር ሙሉ ይዘጋ ማን አለ? እናቶቹ ሲወልዱ ሁለት ወር ጫፉ ይዘጋ፣ ለሁለታችንም። ልጆቹ ሲያድጉ ሁለት ወር ሰላጤው ይዘጋ፣ ለሁለታችንም። ጥልቁ ባሕር መቼም ቢሆን ክፍት ነው። አሁን ዓመቱን ሙሉ እየደከምን ነው ያጣነው፤ ያኔ አራት ወር ብንታገሥ ይበቃናል።»

«ማን ያስታርቀናል? አጎትሽ እሺ ይላል?»

ልጅቱ አንገቷን ደፋች። «እሱንም ለምኜዋለሁ። ሦስቴ። መጀመሪያ እነሱ ይምጡ ይላል።»

«ይኸው። እኔም የምለው እሱን ነው። የወንድሜን ጆሮ የደፈነ እሱ፣ የምሄድ እኔ?»

«የመታው እሱ ነው፣ አልክድም። እኔንም አይማሩኝ፤ አራት ዓመት የተማርኩት አባቴ በእናንተ ሰላጤ አፍ ባጠመደው ዓሣ ነው። ልጆቹን በልቼ ነው ስለ ልጆቹ የተማርኩት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።» ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው። «ግን ነገ የነጋዴው መርከብ ከገባ፣ እናቱንም ልጁንም በአንድ መረብ ያወጣዋል። ያኔ እርስዎም እሱም የምትጣሉበት ባሕር አይኖራችሁም።»

ሽማግሌው ስንቃቸውን ጠቅልለው አስቀመጡ። ሞተሩ ተነሳ፤ እኔም ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ከሩብ። ቴቴ ጫፉን ሲያዩ፣ ልጅቱ እግሯን ስታይ፣ እኔ ሰዓቴን ሳይ እንዲሁ ተጓዝን።

ጀልባው መጀመሪያ የሚያርፈው ሃቱሲላ ነው። ሲሚንቶውን ሲያወርዱ ዮሲና ጫማዋን አውልቃ ወደ ውሃው ወረደች። ሳድራክ ዳር ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ መረብ ይጠግናል፤ ቀና ብሎ የእኛን ሽማግሌ አየና መልሶ ወደ መረቡ አቀረቀረ።

ቴቴ ኤሊፋስ ሰሌዳውን ለእኔ ሰጡኝ። ሱሪያቸውን መጠቅለል ጀመሩ።

«ቴቴ፣ ጉባኤው አሥር ሰዓት ነው» አልኳቸው። «ከዚህ ከወረዱ አይደርሱም። ያለ እርስዎ ይወስኑብዎታል።»

«አንተ ትሄዳለህ። ጸሐፊ አይደለህም? ሳልመጣ እንዳይወስኑ አድርግ።»

«በምን አግዳቸዋለሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ መናገር ታውቃለህ፤ ተናገር።»

ወረዱ። ውሃው ጉልበታቸው ላይ ደረሰ። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ማዕበሉ ሲገፋቸው ልጅቱ ክንዳቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች፣ አልፈቀዱላትም። አሸዋው ላይ ወጥተው ከሳድራክ ሦስት እርምጃ ርቀው ቆሙ። እኔ ከጀልባው ሆኜ እሰማለሁ።

«ሳድራክ» አሉ፣ «እኛ እናቶቹን በላን።»

ሳድራክ መረቡን ከጭኑ ላይ አነሳ። ሲሚንቶ የሚያወርዱት ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው ያያሉ።

«እኛ ደግሞ ልጆቹን» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም፣ ድምፁ ሊሰማ እስኪያዳግት ዝቅ ብሎ፣ «ወንድምህ እንዴት ነው?»

«አይሰማም። ግን ደህና ነው።»

«እኔ ያን ቀን ልመታው አልነበረም። መቅዘፊያው…»

«ይሁን። ይህን ለእሱው ለራሱ ንገረው፤ ታንኳህን አውጣ።»

ከዚህ በላይ አላየሁም፤ ጀልባችን ተነሳች።

አዳራሹ ስደርስ ጉባኤው ተጀምሯል፤ የነጋዴው ሰው የጣራውን ቆርቆሮ ናሙና እያሳየ ነው። እኔ ምን እንዳወራሁ ዛሬ ብጠየቅ አላስታውሰውም። ቃለ ጉባኤ ሳይነበብ አይወሰንም አልኩ፤ ያለፈውን አነበብኩ፤ ያለፈውን ያለፈውንም አነበብኩ። ሰው ተቆጣኝ፣ ሹሙ ሁለቴ አቁም አለኝ። በኋላ ግን ቃለ ጉባኤውን አጠፍኩና ስለ እናቶቹና ስለ ልጆቹ ነገርኳቸው። ግማሹ ሳቀ። አንዱ፣ መምህሩ የሃቱሲላ ሴት አፍ ገብቶበት መጣ አለ። ሹሙ እጅ ይነሳ ብሎ ሊያስቆጥር ሲል፣ በሩ ላይ እግራቸው እስከ ጉልበት የረጠበ ሁለት ሽማግሌዎች ቆሙ። በመካከላቸውም የማይሰማው ወንድም። ሳድራክ በእጁ ምልክት ይቅርታ ከጠየቀው በኋላ ከባሕሩ ዳር ይዘውት መምጣታቸው ነው።

ሳድራክ ከአርባ ዓመት በኋላ አዳራሻችን ገባ። ብዙም አላወራም። «እኔ ክፍት ባሕር አገኘሁ ብዬ የገዛ ጎተራዬን ነው ስዘርፍ የኖርኩት» አለ። «ኤሊፋስም እንዲሁ። አንተም ሌባ እኔም ሌባ፣ ምን ያጣላናል በሰው ገለባ ይባል የለ? እስቲ ጫፉንም ሰላጤውንም በየወራቱ ለሁለታችንም የምንዘጋበት አንድ ዓመት ስጡን። አንድ ዓመት ብቻ። ዓሣዋ ካልመጣች ነጋዴውን እኔው ራሴ ቀዝፌ አመጣላችኋለሁ።»

ከዚያ አንዲት ሴት ከኋላ ተነስታ፣ አንድ ዓመትማ ስንቱን ዓመት አጥፍተን የለ፣ ይሰጣቸው አለች። እጆች ተነሱ። ቆጠርኩ፤ ይሰጣቸው ያሉት በሁለት ድምፅ በለጡ። የነጋዴው ሰው ቆርቆሮውን ጠቅልሎ ሄደ። ቴቴ ኤሊፋስ ግንቡን ተደግፈው ቁጢጥ አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ።

አሁን እንግዲህ ምን እንደተገኘ ልናገር፤ ተረት ነግሮ ፍሬውን የማያሳይ መምህር ደመወዙን አላገኘውም። በመጀመሪያው ዓመት ዓሣዋ መጣች ብዬ አልዋሽም፤ ጥቂት መጣች። የመጣችው ግን በዓይን የምትታይ ስለሆነች ነጋዴውን የጠራው የለም። በሁለተኛው ዓመት ሰላጤው ከአፍ እስከ ገደፉ ብር መሰለ። ሴቶቹ ለሁለት መንደር የሚበቃ አድርቀው ለከተማም ሸጡ፤ የአዳራሹም ጣራ በራሳችን ሰው እጅ ታደሰ። ጫፉ ላይ ሰው መደባደቡ ቀረ። ከሁለቱ መንደር ወጣቶች በጀልባ ሆነው ቆሻሻ መልቀም ጀመሩ፤ ከዚህ ቀደም ቢሆን እያንዳንዱ መንደር የራሱን ለቅሞ በጫፉ በኩል ወደ ጎረቤቱ ይለቀው ነበር። ሁለቱ መንደሮች በአንድ ድምፅ ሆነው የአውራጃውን ሰዎች ስለ ትልልቆቹ መርከቦች ሲከሱ፣ ሰሚ አገኙ። የራሱን እጅ የታጠበ ሰው ሲናገር ይደመጣል። ዓለምን አድነናል ወይ? አላዳንም። ግን ዓለም ሲድን እንዴት እንደሚጀምር አየን፤ አንዱ የሌላውን አሸዋ በመርገጥ ይጀምራል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን የጥበቃው አሠራር ነው። ይህን ያመጡት ራሳቸው ቴቴ ናቸው። «የራሱን ባሕር ማንም ይጠብቃል» አሉ። «እኔ ሃቱሲላን ልጠብቅ፣ ሳድራክ ዋይሞሉን ይጠብቅ።» ስምንት ትውልድ ከቤታቸው ያልወጣውን ቅጠል፣ በሕዝብ ፊት ለሳድራክ ሰጡት፤ ሳድራክ በእኛ ግንድ ላይ አሰረው። የማይሰማው ወንድማቸው ግንዱን ይዞለት ነበር።

አዲሱ ጥበቃ በተጀመረበት ዓመት፣ በዝናቡ ሁለተኛ ሳምንት፣ አንድ ማለዳ መንጠቆዬን ይዤ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት የማደርገው ነው፤ ዝናቡ ሲገባ ወደ ጫፉ፤ አሁን ግን ጫፉ ዝግ ነው። እጄ ነው የቀዘፈው እንጂ ልቤማ አልነበረም። ሁለት ዓሣ አውጥቼ ሦስተኛውን ስጠብቅ የታንኳ ድምፅ ሰማሁ፤ ቴቴ ኤሊፋስ ናቸው። አንዷን ዓሣ አንስተው ሆዷን በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ቢጫው እንቁላል መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ።

መሬት ውጣኝ አልኩ። «ቴቴ» አልኳቸው፣ «እኔ እኮ ነኝ። ያን ቀን በጉባኤው ስለ እናቶቹ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አሉ። «በጣም ጥሩ ተናግረህ ነበር። ቅጣቱ ሃምሳ ድንጋይ ነው፤ ለሃቱሲላ ወደብ ተሸክመህ ታወርዳለህ፤ ዛሬ ጀምር።»

ከሁሉ በፊት የተቀጣሁት እኔ ነኝ። ሃምሳውንም ተሸከምኩ፤ ተማሪዎቼ ዳር ቆመው ቆጠሩልኝ።